የአሜሪካ ኃይል ከምን እንደ ተገነባ

ያንድ መንግሥት ኃይል በመርከቡ ብዛትና በመድፉ ርቀት ብቻ የሚለካ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአሜሪካን የሃያኛ መቶ ዓመት ታሪክ የሚመረምር ሰው፥ ያን አገር ሁለት ፍርሃቶች እንደ ለወጡት ያስተውላል። አንደኛው የረኃብ ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛውም የባላንጣ ፍርሃት ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1929 በኦክቶበር ወር በኒው ዮርክ ከተማ የአክሲዮን ዋጋ በድንገት ወደቀ። ከዚህም በኋላ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ የእህል ዋጋ ስለ ረከሰ ገበሬው ዕዳውን መክፈል አቅቶት መሬቱ በሐራጅ ይሸጥበት ጀመር። እስከ 1933 ድረስ ብዙ ሺሕ ባንኮች ወደቁ፤ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥቶ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ገንዘብ ሲያጠራቅም የኖረ ሽማግሌ ገንዘቡን ሊወስድ ቢሄድ የባንኩን በር ተዘግቶ አገኘው።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1933 ማርች 4 ቀን የፕሬዚዳንትነትን ሥልጣን ያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ ባንኮች ሁሉ ለጊዜው እንዲዘጉ አዘዙ። ማርች 12 ቀን እሑድ ማታም ለሕዝቡ በራዲዮ ተናገሩ። ንግግራቸው በሊቃውንት ቋንቋ አልነበረም፤ መምህር ለተማሪው እንደሚያስረዳ፥ ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ በሣጥን ቈልፎ እንደማያኖረው፥ ለሥራም እንደሚያበድረው፥ ሰው ሁሉ ባንድ ቀን ገንዘቤን ቢል ግን ደኅናው ባንክ እንኳ ሊከፍል እንደማይችል ገለጹ። በማግሥቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ፥ በፍርሃት ገንዘቡን አውጥቶ የነበረው ሕዝብ መልሶ ለማስገባት ተሰለፈ። ይህም እምነት እንዲጸና በዚያው ዓመት የአነስተኛ አስቀማጮችን ገንዘብ ከጥፋት የሚጠብቅ ሕግ ወጣ።

በዚያን ጊዜ ከአሥር እርሻዎች ዘጠኙ ያህል የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራቸውም። የመብራት ኩባንያዎች ቤቶቹ ተራርቀው ስለ ሆኑ ትርፍ የለውም ይሉ ነበር። በ1935 ግን መንግሥት በአነስተኛ ወለድ ማበደር ጀመረ፤ ገበሬዎችም ማኅበር እያቆሙ ምሰሶ ተከሉ፥ ሽቦ ዘረጉ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ያለ መብራት የቀረው እርሻ ጥቂት ብቻ ነበረ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የተባለው ምሳሌ በዚህ ሥራ ታየ።

ነገር ግን ማሻሻሉ ለሁሉ እኩል አልደረሰም። በ1935 ለሽማግሎች ጡረታ የሚሰጠው ሕግ ሲወጣ፥ የእርሻ ሙያተኞችና የቤት አገልጋዮች ከሕጉ ውጭ ቀሩ። በደቡብ አገር ከሚኖሩት ጥቁሮች የሚበዙት በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ፥ ድኃው ከድኆች ተለይቶ ተረሳ። ይህ ጉድለት መታረም የጀመረው በ1950 ነው። ሥራ ማጣትም ሊጠፋ የተቃረበው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎችን ሁሉ ሲያሠራ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለተኛው ፍርሃት ተነሣ፤ ይኸውም ከሶቪየት ኅብረት ጋር የሆነው ፉክክር ነው። አሜሪካ የተራበ አገር ወደ ባላንጣዋ እንዳያዘነብል በመስጋት ከ1948 ጀምሮ ለምዕራብ አውሮፓ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ረዳች። በዚህም ርኅራኄና ስሌት አብረው ነበሩ። ለሌሎች አገሮችም የእርሻና የትምህርት እርዳታ ተሰጠ፤ በኢትዮጵያ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በመተባበር የተቋቋመው በዚህ መንገድ ነው።

በ1957 ኦክቶበር 4 ቀን ሶቪየቶች ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ባወጡ ጊዜ፥ አሜሪካኖች ትምህርት ቤታቸውንም መረመሩ። በ1958 ለሳይንስ፥ ለሒሳብና ለውጭ አገር ቋንቋዎች ትምህርት ገንዘብ የሚሰጥ፥ ለተማሮችም የሚያበድር ሕግ አወጡ። በ1969 አሜሪካኖች ጨረቃን ረገጡ።

የባላንጣው ዓይን በፍርድም ላይ ሠርቷል። ጥቁርና ነጭ ልጆችን በየትምህርት ቤቱ መለየት የአገሩን ስም በዓለም ፊት እንደሚያጐድፍ መንግሥቱ ራሱ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱም በ1954 ልዩነቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ሆኖም የድሉ ዋና ባለቤቶች ሳይታክቱ የታገሉት ጥቁሮች ራሳቸው ናቸው።

ፉክክሩ ጉዳትም አመጣ። ብዙ መምህራንና ሹማምንት በጥርጣሬ ብቻ ከሥራቸው ተባረሩ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የጦር አለቃ የነበሩ ሲሆኑ፥ በ1961 ሲሰናበቱ የጦርና የመሣሪያ ፋብሪካዎች ኅብረት ከመጠን ያለፈ ሥልጣን እንዳይዝ አስጠነቀቁ። በቪየትናም ጦርነት ከ58,000 የሚበልጡ አሜሪካኖችና እጅግ የሚበዙ ቪየትናማውያን ሞቱ፤ በ1964 በድህነት ላይ የታወጀው ዘመቻም በጦሩ ወጪ ምክንያት ደከመ።

ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰ፤ ፉክክሩም በዚያው አበቃ። የገበሬው መብራት፥ የሽማግሌው ጡረታና የተማሪው ብድር ግን ከባላንጣው በኋላም ኖሩ። እንግዲህ ፍርሃት መንግሥትን ከእንቅልፉ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጸና ሥራ የሚሠራው የተቀሰቀሰው መንግሥት ፊቱን ወደ ገዛ ሕዝቡ ጉድለት ሲመልስ ነው።