ሜዳው ከቡድኑ ሲቀድም



የቼልሲ ነገር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ አሰልጣኝ ስንብት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጀምረው ከመሬት ይዞታ ነው። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ያዙልኝ።

በሌላው አገር ቡድን ይቋቋምና ሜዳ ይፈለግለታል። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ጋስ ሚርስ የተባለ ነጋዴ ስታምፎርድ ብሪጅ የተባለውን ሜዳ ገዝቶ የፉልሃም ክለብ እንዲከራየው ጠየቀ፤ በኪራዩ አልተስማሙም። ቦታውን የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ለሚፈልግ የባቡር ኩባንያ ለመሸጥ ሲያስብ፣ ወዳጁ ፍሬድ ፓርከር «አትሽጥ» ብሎ ይወተውተው ነበር። በዚህ መሐል የሚርስ ውሻ ፓርከርን እግሩን ነከሰው። ሰውየው ደሙ እየወረደ ቀለደ እንጂ አልተቆጣም፤ ሚርስም በእርጋታው ተማርኮ ሐሳቡን ለወጠ ይባላል። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ሳይኳኳል አልቀረም። ብቻ በመጋቢት 1905 ከሜዳው ፊት ለፊት ካለ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ቼልሲ ተመሠረተ።

የሚርስ ቤተሰብ ክለቡን ለትውልድ ሲያወራርስ ቆይቶ በ1970ዎቹ ባለ ሦስት ደርቡ የምሥራቅ ትሪቡን ዕዳ ውስጥ ዘፈቀው። በ1982 ኬን ቤትስ ክለቡን በ1 ፓውንድ ገዛ። ርካሽ እንዳይመስላችሁ፤ ዕዳው አብሮ መጣ፣ መሬቱ ግን አልመጣም። ይዞታው ከክለቡ ተነጥሎ በሪል ስቴት ኩባንያዎች እጅ ወድቆ ነበር። ቤትስ አሥር ዓመት ያህል ተሟገተ። በመጨረሻ የደረሰለት ገበያው ነው፦ የቦታ ዋጋ ወድቆ ባለይዞታው ኩባንያ ከሰረ። በኋላም መሬቱ «ቼልሲ ፒች ኦነርስ» ለተባለ የደጋፊዎች አክሲዮን ማኅበር ተላለፈ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 100 ፓውንድ ነበር። ክለቡ ሜዳውን ለቅቆ ከወጣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ የቼልሲን ስም ይዞ መሄድ አይችልም።

በ2003 ሩሲያዊው ባለጸጋ ሮማን አብራሞቪች ክለቡን ገዝቶ ገባ። ያኔ የተጀመረውን አሰልጣኝ የማፈራረቅ ዘመን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ላንሳ። በግንቦት 2012 ሙኒክ ላይ በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አጥቂው ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ በግንባሩ አቻ አደረገ፣ የመጨረሻውንም መለያ ምት አስቆጠረ። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ዲ ማቴዎ ክለቡ አይቶት የማያውቀውን ይህን ዋንጫ አነሳ። ስድስት ወር ቆይቶ፣ በጁቬንቱስ 3 ለ 0 በተረታ ማግስት ተሰናበተ። ጨካኝ ነው እንል ይሆናል፤ ሆኖም አብራሞቪች በ19 ዓመት አምስት የሊግ ዋንጫ አግኝቷልና ስንብቱ ክለቡን አፈረሰ የሚለውን አልቀበልም።

ይኸው አሰልጣኝ የሚያሰናብት ባለጸጋ በ2011 መሬቱን መልሶ ለመግዛት ማኅበሩን ጠየቀ። 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው 61.6 ነው። ለአሰልጣኙ አንድ ስልክ ይበቃ የነበረ ሰው፣ ለሜዳው የባለ መቶ ፓውንዶቹን ይሁንታ አጣ።

በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሳቢያ በአብራሞቪች ላይ ማዕቀብ ሲጣል፣ በቶድ ቦሊ የተመራ የባለሀብቶች ቡድን ክለቡን በ2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛ። አሰልጣኙ ቶማስ ቱኸልም ከ100ኛ ጨዋታው ማግስት ተሰናበተ። አዲሶቹ ባለቤቶችም ቡድኑን ወደ ሌላ ሜዳ ይዘን እንውጣ ቢሉ፣ ለስሙ ሲሉ መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእነዚያኑ ደጋፊዎች በር ነው።