ከቁራሌው በፊት፦ አሮጌ ትናንሽ ትራክተሮችን በግቢ ስለ ማደስና ስለ መጠበቅ



የዛሬው ርእስ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ ያነሰ መስሎ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። የምናገረው ስለ አሮጌ ትራክተር ነው፤ ያውም ስለ ትንሹ። በሌላው ዓለም ይህ የጡረተኞች መዝናኛ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለጓሮ ሥራ የተሠሩ እንደ «ከብ ካዴት» እና «ዊል ሆርስ» ያሉ ትናንሽ ትራክተሮችን ዛሬ ሰዎች ከየጎተራው እያወጡ ይፈታሉ፣ ያጥባሉ፣ እንደ ፋብሪካው ቀለም ይቀባሉ፤ ከዚያም በትርኢት ላይ ያቆሟቸዋል። እኔ በዚህ አልስቅም፤ ሙያውን በፍቅር የሚይዝ ሰው የትም ይከበራል። ይሁን እንጂ አሶሳ ላይ ሆነን ስንነጋገር ቀለሙ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። እዚህ የቆመ ማሽን ከተነሣ መሬት ይታረሳል፤ ካልተነሣ መሬቱ ጦሙን ያድራል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ስለ ኢትዮጵያ እርሻ ስናስብ ፈጥኖ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጥንድ በሬ፣ ቀንበርና ሞፈር ነው። ሥዕሉ ለደጋው እውነት ነው። በዓባይ፣ በበለስ፣ በዳቡስና በዴዴሳ ሸለቆዎች ግን ጸጸ ዝንብ አለች፤ የገንዲንም በሽታ ታስተላልፋለች። ገንዲ የያዘው በሬ በአንድ ቀን አይሞትም። ይከሳል፣ ደሙ ይመናመናል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በመጨረሻም ለእርሻ በሚፈለግበት ሰሞን ይወድቃል። የጉሙዝና የበርታ ገበሬዎች ለረጅም ዘመን በእጅ መሣሪያ የማረሳቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከደጋ የመጣ ታዛቢ «ኋላ ቀርነት» ብሎ የመዘገበውን ነገር ዝንቧን አስቀድሞ ቢያውቃት ኖሮ በሌላ ቃል ይጽፈው ነበር። እንግዲህ በሬ በማይበረክትበት አገር ሞተር ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ትራክተር ወደዚህ አካባቢ በብዛት የገባው ከሰፈራ ጋር ነው። የአሶሳው ሰፈራ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ በመተከል፣ በፓዌ፣ እጅግ ሰፊ የሆነው ሰፈራ ተከተለ። በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ፣ በሳሊኒ ኩባንያ ሥራ ተቋራጭነት የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደኑን በማሽን መነጠረ፣ መንገድ ዘረጋ፣ መሬቱንም በማሽን አረሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። ከማሽኖቹ ከፊሉ ተዘረፈ፤ ከፊሉ ተበተነ። ሰፋሪው በማሽን የተመነጠረ መሬት ይዞ ያለ ማሽን ቀረ፤ በሬ ልግዛ ሲል ደግሞ ገንዲ ጠበቀው።

ስለዚህ ታሪክ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ ፖለቲካው ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ የምጨምረው ከማሽኑ ወገን ሆኜ ነው። እነዚያ ትራክተሮች ገንዘብ አላጡም፤ ባለሙያም አላጡም። ያጡት ቤት ነው። ማታ ማታ የሚያድሩበት፣ ዘይታቸውን የሚያይ፣ ሲያጓሩ ድምፃቸው መለወጡን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው ያለበት ግቢ አልነበራቸውም። የፕሮጀክት ንብረት ነበሩ፤ ፕሮጀክቱ ሲሞት አብረው ሞቱ። ከዚህ በኋላ በዝርዝር የምናገረው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው፦ ትራክተርን በሕይወት የሚያቆየው ግቢ ነው።

በግቢ ሊያዝ የሚችለው ማሽን ደግሞ ትንሹ ነው። ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረው ባለ 80 ፈረስ ጉልበት ቤላሩስ መልካም ማሽን ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት እርሻና የኅብረት ሥራ ማኅበር ማሽን ነበር። ትልቅ ማሽን በኢትዮጵያ ሌላም ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ አርሲ ውስጥ ትራክተር ሲስፋፋ ብዙ ባለመሬት ጭሰኛውን ነቅሎ በማሽን ማረስ ጀመረ። የማሽን ልክ የባለቤትነትንም ልክ እንደሚወስን ከዚያ ተምረናል።

የትንሹ ትራክተር አባት የሰሜን አየርላንዱ ሃሪ ፈርጉሰን ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። ማረሻውን ከኋላ በሦስት ነጥብ አያይዞ በሃይድሮሊክ የሚያነሣው ሥርዓት የእርሱ ነው። ማረሻው ከመጎተት አልፎ ክብደቱን ለትራክተሩ ስለሚሰጥ፣ ቀላል ማሽን የከባዱን ሥራ መሥራት ቻለ። ከ1946 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ የተመረተው ግራጫው ቲ.ኢ.20 ዛሬም በየአገሩ ይሠራል፤ ኤድመንድ ሂላሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚህ ትራክተሮች ነበር። ልጁ ማሲ ፈርጉሰን 135 ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው፤ በውስጡ አንድም የኮምፒውተር ክፍል የለም። ይህ ለእኛ ጸጋ ነው። የናፍጣ ሞተር ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣና በቂ ዕምቅታ። ሦስቱ ካሉት ይነሣል። ዕድሜው አይጠየቅም።

ሁለተኛው ዓይነት ገበሬው «ዎኪንግ ትራክተር» የሚለው፣ ባለ ሁለት ጎማው፣ ሰው ከኋላው እየተከተለ የሚመራው ነው። በብዙዎቹ ላይ የምናገኘው 195 የሚባለው የቻይና ሞተር ነው፤ ሲሊንደሩ አንድና አግድም የተኛ፣ ስፋቱ 95 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱ 12 ፈረስ ገደማ። ባትሪ ባይኖረውም በእጅ ይነሣል። ራዲያተር የለውም፤ ውኃው ከላይ ባለው ገንዳ ፈልቶ በእንፋሎት እየወጣ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንፋሎት ያየ አዲስ ባለቤት ደንግጦ ሞተሩን ያጠፋል፤ የሚያስደነግጠው ግን የእንፋሎቱ መታየት ሳይሆን የውኃው መጠን ጠቋሚ መውረድ ነው። ገንዳው ከደረቀና ሞተሩ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ የሚደፋበት ሰው ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ቆም ብሎ እስኪበርድ መጠበቅ አንድ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ቴስታታ ግን አንድ ክረምት ያስከፍላል።

አሁን ወደ እድሳቱ ልግባ። ሁለት ወይም ሦስት ክረምት ባለቤት አልባ ሆኖ የቆመ ማሽን ተረከባችሁ እንበል። በቅርብ ዓመታት በክልላችን ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ተመልሷልና ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣብን ፈተና «እስቲ ይነሣ እንደሆነ» ብሎ መሞከር ነው። አትሞክሩ። በተለይም ማርሽ አስገብቶ በሌላ መኪና ማስጎተት የተጣበቀን ፒስቶን አያላቅቅም፤ ዘንጉን ያጣምማል።

የመጀመሪያው ሥራ የሞተሩን ዘይት ማፍሰስ ነው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ ቡሎኑን ስትፈቱ አስቀድሞ ውኃ ከመጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት መስሎ ከወረደ፣ ማሽኑ ታሪኩን ነገራችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ኖዝሎቹን አውጡና በቀዳዳቸው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅላችሁ ጥቂት ጨምሩ፤ ከዚያ ተዉት። ይህ «ተዉት» ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በየቀኑ ክራንኩን በቁልፍ ወደፊትና ወደኋላ በስሱ መነቅነቅ ነው። አንድ ቀን ትንሽ ይላወሳል። በሥራዬ ብዙ ማሽን ሲከፈት አይቻለሁ፤ የዚያችን የመጀመሪያ ላወሳ ያህል የሚያስደስተኝ የለም።

ለመሆኑ ፒስቶኑ ለምን ተጣበቀ? በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አይለቅም። ወደ ላይ የቆመው የጭስ ማውጫ ክፍት ከሆነ ውኃው በእርሱ ይወርድና ቫልቩ ተከፍቶ የቆመው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። አንዱ ሲሊንደር ይዝጋል፤ ሁለቱ ደኅና ሆነው ሞተሩ በሙሉ ይቆማል። ይህን ጥፋት የሚከለክለው አንድ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው፤ በማውጫው አፍ ላይ መድፋት ብቻ።

ናፍጣውም እንዲሁ ነው። በጀሪካን የሚመጣ፣ ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ውኃና አቧራ ይዞ ይመጣል። ታንከሩን ከሥር አፍስሱ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከዚያም አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ አየሩን አስወጡ። ፓምፑን ግን በግቢ አትፍቱ። የውስጡ ክፍሎች የሚገጣጠሙበት ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ በጨርቅ ጠረግሁት ያላችሁት ጣት እንኳ ያበላሸዋል። የቤት ጥገና ድንበር እዚህ ላይ ነው፤ ድንበሩን የሚያውቅ ባለሙያ ከማያውቀው ይሻላል።

አየሩን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ክልል ሞተር የሚገድለው እርሱ ነውና። በበጋው ወራት ቀዩ አፈር ዱቄት ይሆናል፤ ሣሩም ሲቃጠል አመዱ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። አሮጌዎቹ ትራክተሮች አየር የሚያጣሩት በዘይት ገንዳ ነው። አየሩ በቱቦ ወርዶ ዘይቱን ይመታና ይመለሳል፤ አቧራው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስልቱ ቀላልና ድንቅ ነው፤ መለዋወጫም አይፈልግም። የሚፈልገው በእርሻ ሰሞን በየቀኑ ተከፍቶ መታየት ነው። ጭቃው ከሥር ከተጠራቀመ አጥቦ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ መሙላት፤ ከምልክቱ ማለፍ ግን አይገባም፤ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል። ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ የተዘለለበት ሞተር ፋሻውና ሲሊንደሩ ተበልቶ ዕምቅታውን ያጣል። ከዚያ «ማሽኑ አርጅቷል» ይባላል። አላረጀም፤ አፈር በልቷል።

ፋሻ ስል ተማሪዎች ፈገግ ብላችኋል። በመማሪያ መጽሐፋችሁ ያለው ስም ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ ወርሰን አማርኛ ያደረግናቸው ናቸው። የማሽኑ መመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በሩሲያኛ ወይም በቻይንኛ ይመጣል፤ መካኒኩ የሚያስበው በእነዚህ ቃላት ነው፤ የምንመርቀው ተማሪ ደግሞ ሁለቱንም በቅጡ ሳይሰማ ይወጣል። ለአንድ 195 ሞተር በመካኒኩ አማርኛ፣ ከተቻለም በበርታና በጉሙዝ ቋንቋዎች የተጻፈ የሃያ ገጽ መመሪያ፣ ከብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የበለጠ አንባቢ ያገኛል። የቋንቋ ክፍሉ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ግብዣ ይቁጠሩልኝ።

የመለዋወጫ ነገር መራራ ነው። ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ አለ፤ ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መካከል ቁራሌው ይመጣል። ቁራሌው ማሽኑን በኪሎ ይመዝናል፤ ባለቤቱም በችግር ቀን ይሸጣል። አልወቅሰውም። ነገር ግን ለቁራሌው የተሸጠ አንድ የማይነሣ ትራክተር ለሌሎች ሁለት ማሽኖች የሚሆን ካምቢዮ፣ ሃይድሮሊክና ጎማ ይዞ ይሄዳል። ሁሉም አሮጌ ማሽን ይታደስ እያልሁ አይደለም። ብሎኩ የተሰነጠቀ ቢፈታ ይሻላል፤ ግን እዚሁ ይፈታ፣ ክፍሎቹም ዘይት ተቀብተው በመደርደሪያ ይቀመጡ።

ለመሆኑ ያዋጣል ወይ? ማረስ ብቻ ከሆነ ለትንሹ ማሽን አጠራጣሪ ነው። 12 ፈረስ ጉልበት በበጋ የደረቀውን ቀይ አፈር አይሰብርም፤ ዝናብ ጠብቆ መግባት አለበት። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በዚምባብዌ የተካሄደው ፋካሲ የተባለ ፕሮጀክት ባለ ሁለት ጎማውን ማሽን ለመዝራት፣ ለመውቃትና ለማጓጓዝ ጭምር የሞከረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሞተሩ ማሽላና በቆሎ ይፈለፍላል፣ ውኃ ይስባል፣ ማንጎ ገበያ ያደርሳል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ይታያል።

ከመነሣታችን በፊት ስለ ደኅንነት ሁለት ቃል። በክሪክ ብቻ የተደገፈ ማሽን ሥር ማንም አይገባም፤ ወፍራም ግንድ ይደገፍ። ሞተሩን በእጅ ስታስነሡ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጉ፤ ወደ ኋላ ከመታ እጃችሁ ይተርፋል። ነጠላና ጋቢም ከሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ አይደርሱም።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለው መጠለያ አንድ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ቆሟል። ለስንት ክረምት እንደቆመ መዝገብ ስለሌለው አይታወቅም፤ ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን እንሂድ፣ የመጀመሪያው ገጽ ዛሬ ይጻፋል። ቴስታታውን ዛሬ አንከፍትም። ዘይቱን ብቻ እናፈስሳለን፤ አስቀድሞ የሚወርደው ውኃ ይሁን ዘይት አብረን እናያለን።