«ለፈታችኝ ሴት ለምን ብዬ ነው የምከፍለው?»

በአሌክሳንድሪያ ወይም በፎልስ ቸርች ከሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብሎ ያመሸ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። «እሷ ናት የፈታችኝ፤ ለፈታችኝ ሴት ለምን ብዬ ነው የምከፍለው?» ጠያቂው የፍርድ ቤት መጥሪያ አጣጥፎ በጃኬቱ ኪስ ይዟል። መካሪ ደግሞ ሞልቷል። «ሥራህን ቀንስ፤ ከሌለህ ከየት ያመጡብሃል?» ይለዋል አንዱ። «ዝም በላት፣ ይሰለቻታል» ይላል ሌላው። ሁለቱም ገደል የሚከቱ ምክሮች ናቸው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለዚህ ነው፤ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ «ተቆራጭ ይከፈለኝ» ሲል እንዴት እንደሚሟገቱት፣ በተለይ እዚህ ቨርጂኒያ።

ሰውየው እንዲህ ማለቱ አይገርመኝም። ያደገበት ሕግ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ይላል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላሉ፣ ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ካሳ ሊከፍል ይችላል፣ የልጆች ቀለብ ይቆረጣል፤ በቃ። ለቀድሞ ሚስት ወይም ባል በየወሩ መክፈል የሚባል ነገር ሕጉ ውስጥ አታገኙም። ሰዉ ይህንን በልቡ ይዞ አትላንቲክን ይሻገራል።

የቨርጂኒያ ዳኛ ዘንድ ግን «ማን ፈታ?» የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። ዋናው ነገር ጠያቂው ምን ያህል ያስፈልገዋል፣ ተጠያቂውስ ምን ያህል አቅም አለው የሚለው ነው። ትዳሩ ስንት ዓመት ቆየ፣ ዕድሜና ጤናቸው እንዴት ነው፣ ልጅ ለማሳደግ ማን ከሥራ ቀረ የሚለውም ይታያል። አንዱ ሌላውን ማስተማሩም ይታያል፤ እሷ ሌሊት ሌሊት ሆቴል እያጸዳች እሱ የነርስነት ትምህርቱን ጨርሶ ከሆነ፣ ያ ድካም በሕጉ ቦታ አለው። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመጣ መክፈል እንጂ መሟገት የሚገባ አይመስለኝም። ከፋዩ ሁልጊዜ ወንድ ነው ብላችሁም አትቀመጡ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሎችን ብቻ ከፋይ ያደርግ የነበረውን የአላባማ ሕግ ሽሮታል። ዛሬ ነርስ ሚስት ለሹፌር ባል ልትከፍል ትችላለች።

ክርክሩ የሚሸነፈውም የሚረታውም በወረቀት ነው። አንድ የኡበር ሹፌር እናስብ። ፍቺው እስኪያልቅ ለሚከፈለው ጊዜያዊ ተቆራጭ፣ የሁለቱ የወር ገቢ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካልበለጠ፣ ቨርጂኒያ መነሻ የሚሆን ቀመር አላት። አካለ መጠን ያላደረሰ የጋራ ልጅ ከሌላቸው ከከፋዩ ገቢ 27 በመቶ ይወሰዳል፤ ከዚያ ላይ የተቀባዩ ገቢ 50 በመቶ ይቀነሳል። ልጅ ካለ 26 እና 58 በመቶ ይሆናል። ሹፌራችን በወር 5,000፣ ሚስቱ 2,000 ዶላር ቢያገኙና ልጅ ባይኖራቸው፣ 1,350 ሲቀነስ 1,000፣ ተቆራጩ 350 ዶላር ነው።

አሁን ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ የሚልክለትን ቴን ናይንቲ ናይን ኬ የሚባለውን ቅጽ እዩት። እዚያ ላይ የሰፈረው ሹፌሩ እጅ የገባው ገንዘብ ሳይሆን ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ነው፤ ኩባንያው የቆረጠው ኮሚሽን ሁሉ አለበት። የሚስት ጠበቃ ያንን ቁጥር ለ12 አካፍሎ «ገቢው በወር 6,500 ነው» ቢል፣ ተቆራጩ 755 ዶላር ይመጣል፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። መልሱ መቆጣት አይደለም። የኩባንያውን የዓመት ማጠቃለያ፣ ስኬጁል ሲ የሚባለውን የታክስ ገጽ፣ የኢንሹራንስና የጥገና ደረሰኝ ይዞ መቅረብ ነው። ለሥራው ተገቢ የሆነ ወጪ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ግን የሚያስቸግር ነገር አለ፦ ለታክስ ጊዜ ወጪውን አጋንኖ የጻፈ ሰው፣ ያው ወረቀት በሌላኛው ጠበቃ እጅ ሲገለጥበት ምላሱ ይታሰራል።

እቁብም አለ። ባንክ ስቴትመንቱ ላይ በየወሩ 1,000 ዶላር በዜል ለእቁቡ ሰብሳቢ ይወጣል፤ አንድ ቀን ደግሞ 20,000 ዶላር ዱብ ይላል። እኛ ዕጣ ደረሰው እንላለን። እቁብ ሰምቶ የማያውቅ ጠበቃ ግን የተደበቀ ገቢ ብሎ ያቀርበዋል። የአባላቱን ዝርዝር፣ የዙሩን ብዛትና የተከፈለውን የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ከሰብሳቢው ማምጣት ቀላል ነው፤ የገባው የገዛ ገንዘቡ መሆኑ ያኔ ይታያል። ለእናት የሚላክ ገንዘብ ከባድ ነው። ዳኛው በፈቃድህ የምታደርገው ነው ብለው ከተቆራጩ በኋላ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።

«ሥራህን ቀንስ» ወዳለው መካሪ እንመለስ። ዳኛው አንድ ሰው ሆን ብሎ ሥራ መቀነሱን ወይም መልቀቁን ካመኑ፣ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ገቢ እንዳገኘ ቆጥረው ይፈርዱበታል። ይህ ለከፋይም ለተቀባይም ነው፦ መሥራት እየቻለች ቁጭ ብላለች የሚል ባልም ሙያዋንና የቀድሞ ደሞዟን በማስረጃ ማሳየት ይችላል።

በደልስ? ቨርጂኒያ ዝሙት የተረጋገጠበት ጠያቂ ቋሚ ተቆራጭ እንዳያገኝ ልትከለክል ትችላለች፤ ክልከላው ግልጽ ግፍ የሚያስከትል ከሆነ ብቻ ይቀራል። ግን ማስረጃው ጠንካራ መሆን አለበት። የማኅበር ላይ ወሬ ማስረጃ አይደለም።

ከተፈረደ በኋላም ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ሰው ተቆራጩ እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል። ዳኛው ቢቀንሱም ግን ወደ ኋላ የሚሄዱት ማመልከቻው ለሌላው ወገን እስከደረሰበት ቀን ብቻ ነው። ስምንት ወር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የስምንቱ ወር ዕዳ በአናቱ ላይ ይቆያል፤ ኪሳራ ማወጅም ከዚህ ዕዳ አያወጣውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ግን አገር ቤት አግብተው የትዳር ጓደኛቸውን ያመጡ ሰዎች ነገር ነው። አይ ኤይት ሲክስቲ ፎር የሚባለውን ቅጽ ብዙዎቻችን ሳናነብ ፈርመናል። በዚያ ፊርማ የመጣው ሰው ኑሮ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 125 በመቶ እንዳይወርድ ቃል ገብተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው ወደ 19,560 ዶላር በዓመት ነበር። ፍቺ ይህን ግዴታ አያፈርሰውም። የሚያበቃው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመታት ሲቆጠሩለት፣ የነዋሪነት መብቱን ትቶ አሜሪካን ለቆ ሲወጣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። ስለዚህ የቨርጂኒያው ዳኛ «ተቆራጭ የለም» ቢሉ እንኳ በዚህ ቅጽ ሌላ ክስ ሊመጣ ይችላል። መከራከሪያው እንግዲህ ግዴታው አብቅቷል ወይ፣ የመጣው ሰው በራሱ ምን ያህል ያገኛል የሚለው ነው።

መጥሪያው ኪሳችሁ ውስጥ ላለ አድማጮቼ፦ ቨርጂኒያ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ለቀረበ የፍቺ ክስ በጽሑፍ መልስ የምትሰጡበት ጊዜ መጥሪያው ከደረሳችሁ 21 ቀን ነው። ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ደውሉ፤ አቅም ከሌላችሁ ነፃ የሕግ አገልግሎት ጠይቁ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። የሦስት ዓመት የታክስ ወረቀታችሁንና የባንክ ስቴትመንታችሁንም ዛሬ ማታ አንድ ላይ አድርጉ።