የመምህሩ ሰውነትና የዕለት ልማዱ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር




 ስለ ሥርዓተ ትምህርት፣ ስለ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ስለ ፈተና አሰጣጥና ስለ ደመወዝ በየጉባኤያችን ብዙ ተነጋግረናል፤ ወደፊትም እንነጋገራለን። ይህን ሁሉ ሥራ ተሸክሞ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስለሚመላለሰው ሰውነታችን ግን እምብዛም አንነጋገርም። የሥነ ሕይወት መምህር እንደ መሆኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችን ሰውነታችንን የምንይዘው ሰው የኪራይ በቅሎን በሚይዝበት አኳኋን ነው። ተከራዩ ጭነቱን ያበዛባታል፤ ውሃውና ሣሩ ግን ትዝ አይለውም። ስታነክስ ይቆጣታል፤ ስትወድቅ ይደነቃል። እኛም ራስ ምታቱን በክኒን፣ ድካሙን በቡና ዝም እናሰኘዋለን፤ ሲብስብን ደግሞ «ምን ነካኝ?» እንላለን። ከዚህ በተቃራኒ የሚሄድ ሌላ ልማድም አለ፤ ይኸውም ዓመቱን ሙሉ የረሱትን ሰውነት በአንድ ሳምንት ለማስተካከል መነሣት ነው። አዲስ ዓመት በገባ ሰሞን ማለዳ ሮጦ፣ እህል ቀንሶ፣ በሳምንቱ ጉልበቱን አሞት የሚቀመጥ ሰው በየመንደራችን አይጠፋም። ችላ ማለትም ሆነ መቅጣት ዝምድና አይባልም። ዝምድና የሚጸናው በየዕለቱ በሚደረግ ጥቂት ነገር ነው፤ ከሰውነታችን ጋር ያለን ዝምድናም እንዲሁ። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ከድምፃችን ልጀምር። ለገበሬ ማረሻ፣ ለአናጢ መጋዝ እንደ ሆነ ሁሉ ለመምህር ዋና መሣሪያው ድምፁ ነው። ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ከሳንባ በሚመጣው አየር እየተንቀጠቀጡ ሲነካኩ ነው። በተለመደው ንግግር የወንድ አውታሮች በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ያህል ይነካካሉ። በቀን አምስትና ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ስድሳና ሰባ ተማሪ በሞላበት ክፍል እየጮኸ የሚያስተምር መምህር አውታሮቹ ስንት ጊዜ እንደሚጋጩ የሒሳብ መምህራን ያስሉት። ሐሙስና ዓርብ ሲደርስ ድምፃችን የሚሻክረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ድምፅን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ልማድ ቀላል ነው። ደወል በተደወለ ቁጥር ጥቂት ውሃ መጎንጨት፤ የጠመኔው ብናኝ እንዳይነሣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፤ ክፍሉን ጸጥ ለማሰኘት ከመጮኽ ይልቅ ማጨብጨብ ወይም ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ከሰሌዳው አጠገብ ሆኖ ከመጣራት ወደ ተማሪው ቀርቦ መናገር። ማርና ዝንጅብል ያለበት ሻይ ጉሮሮን እንደሚያለሰልስ አይካድም፤ ነገር ግን የሚዋጥ ነገር ሁሉ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ስለ ሆነ አውታሮቹን አይነካም። አውታሮቹ ርጥበት የሚያገኙት በቀኑ ውስጥ ቀስ በቀስ ከምንጠጣው ውሃ ነው። ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፤ ዕረፍቱ ዝምታ ነው። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ የቆየን መሻከር «የመምህር ዕጣ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ለሐኪም መታየት አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና።

ከድምፅ ቀጥሎ እግራችን ይመጣል። የመምህር ሥራ የመቆም ሥራ ነው። ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ የሚመለሰውን ደም የሚያግዘው የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ እየተኮማተረ ደም ሥሮቹን በመጭመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሰሌዳው ፊት እንደ ምሰሶ ቆመን ስንውል ግን ይህ እገዛ ይቀራል፤ ደሙ በእግር ይጠራቀማል፤ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚታችን ያብጣል፤ በዓመታት ውስጥም የእግር ደም ሥሮች ይወጣጠራሉ። እንግዲህ ተማሪዎች ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ በመደዳዎቹ መካከል መመላለስ ለትምህርቱም ለእግራችንም ይጠቅማል። መላወሻ ከጠፋ ባሉበት ሆኖ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ማታም እግርን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ጥቂት ማረፍ ደግ ነው።

በሥራ መካከል የሚደረግ እንቅስቃሴ እንዲህ ያለ ዋጋ እንዳለው ያመለከተ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አነጻጽረው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚውሉት ሹፌሮች ይልቅ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ሕመም የሚጠቁት አነስተኛ ሆነው ተገኙ። ትኬት ቆራጮቹ ለስፖርት ብለው የወጡት ደረጃ አልነበረም፤ እንቅስቃሴው ሥራቸው ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ የመመሪያውን ዝቅተኛ ልክ ይሞላል። ከታክሲው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መግባት ለዚህ በቂ መነሻ ነው።

አሁን ወደ ማእዳችን እንለፍ። የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ያለበት ገበታችን የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጨው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በእኛ ቤት ግን በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ ይጨመርበታል፤ ዳቦውም አለው። በዚህ ላይ ሳይቀምሱ ጨው መነስነስ ልማድ ሆኖብናል። ይህን አንዱን ልማድ መተው ከባድ አይደለም፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቀነሰውን ጨው ይለምደዋል።

ጨውን ያነሣሁት ስለ ደም ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። የሚያስፈራው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ግፊቱ ከ140 በ90 አልፎ ለዓመታት ሲኖር አያምም፤ አያተኩስም፤ ከሥራ አያስቀርም። ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ሲጎዳ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን በድንገት ይገለጣል። የክፍሉን መዝገብ ግማሽ ጠርቶ የወደቀ ባልደረባ ወሬ ስንሰማ «ትናንት ደኅና ነበር» እንላለን። ሰው ግን ደኅና መሆኑን የሚያውቀው ሲለካ ነው። መለካት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ሰውነት ሊናገር ያልቻለውን የሚያሰማን ይኸው ነው። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

ስለ ቡናና ስለ እንቅልፍም አንድ ቃል ልበል። ቡናን ማንም እንዲተው አልመክርም፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እየተባለ ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ራሱ ጤና ነው። ነገር ግን ካፌይን ከደም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ አብሮን ይቆያል ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊቱን የፈተና ወረቀት ሲያርም ያደረ መምህር በማግሥቱ በልጆቹ ላይ የሚቆጣው ቁጣ ብዙውን ጊዜ የራሱ የእንቅልፍ ዕዳ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከሰውነት ጋር መወዳጀት ሲባል ወጣትና ጠንካራ ሰውነት ላለው ብቻ የሚነገር እንዳይመስል የአንድ ታላቅ ወገናችንን ታሪክ ላስታውስ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን እንዳሸነፈ፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ድሉን እንደ ደገመ ሁላችንም ለተማሪዎቻችን እንነግራለን። የማንነግረው ቀሪውን ነው። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ዓለም ያደነቃቸው እግሮቹ ከዳተኛ ሆኑ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ። ሆኖም በ1970 እንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ስፖርት ተሰልፎ ነበር። የቀረውን ሰውነቱን በጠፋው ምክንያት አልናቀውም። ዕድሜ ለተጫነን፣ ከወለድን በኋላ ለወፈርን፣ ስኳር ወይም ግፊት ላለብን ሁሉ ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሰው የሚንከባከበው ዛሬ ያለውን ሰውነት ነው እንጂ የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረውን አይደለም።

«ልማድ እንዴት ይጸናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። በለንደን የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናታቸው ሰዎች አንድን አዲስ ነገር ሳያስቡት እስኪያደርጉት ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ተከታትለዋል። መካከለኛው ልክ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሥራውን እንደማያፈርስም አስተውለዋል። ስለዚህ የቀረ ቀን ቢኖር ራስን መውቀስ አያስፈልግም፤ በማግሥቱ መቀጠል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂላችን ይህንኑ ቀድሞ ተናግሮታል። ልማድ ደግሞ ከታወቀ ሰዓት ጋር ሲታሰር ይቀላል። እኛ መምህራን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነን፤ ደወል አለን። የመጀመሪያው ደወል ለውሃ፣ የዕረፍቱ ደወል ለእግር፣ የመጨረሻው ደወል ወደ ቤት በእግር ለመሄድ ምልክት ይሁነን።

ነገር ግን ሁሉንም በግለሰቡ ላይ ጥዬ ብሄድ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ውሃ ጠጡ አልሁ፤ የቧንቧ ውሃ የሌለው ትምህርት ቤት ግን አለ። ለመምህራን የተለየና የሚዘጋ መጸዳጃ ስለሌለ እስከ ቀኑ መጨረሻ ድረስ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ሴት መምህራን አሉ፤ ለእነርሱ ችግሩ የልማድ ጉድለት አይደለም፤ የበር ጉድለት ነው። አርፋችሁ ተቀመጡ አልሁ፤ ወንበር የሌለው ክፍል አለ። አትጩኹ አልሁ፤ የተማሪው ብዛት ሳያስጮኽ አያስተምርም። እነዚህ በግል ጥረት የማይፈቱ፣ በማኅበር ብቻ የሚፈቱ ጉዳዮች ናቸው። ስለሆነም ጉባኤው ሦስት ነገሮችን እንዲመለከትልኝ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ለመምህራን የሚጠጣ ውሃና የሚዘጋ መጸዳጃ እንዲኖር ማኅበሩ በየደረጃው እንዲጠይቅ፤ ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያዎች ጋር በመነጋገር የመምህራን የደም ግፊት የሚለካበት አንድ ቀን እንዲወሰን፤ ሦስተኛ፣ የድምፅ አጠባበቅ በመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ እንዲሰጥ ሐሳብ እንዲቀርብ።

በመጨረሻም አንድ ነገር አስታውሼ ላብቃ። ተማሪዎቻችን ከምንነግራቸው ይልቅ የሚያዩትን ይማራሉ። ደክሞት የሚያርፍ፣ ሲጠማው የሚጠጣ፣ ሲታመም የሚታከም፣ ስለ ሰውነቱ የማያፍር መምህር ያየ ልጅ ስለ ጤና ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ከነገው የመጀመሪያ ደወል እንጀምር።