ስለ ሬዚን ቀለም አመራረጥ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው በማኅበራችን ገንዘብ ስለተሠሩትና ስለተበላሹት ስምንት የስኒ ማስቀመጫዎች ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹ እንዳይወቀሱ ብዬ ነው በግልጽ የምናገረው።

ልጆቹ ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን በሚዛን ለክተው በደንብ ቀላቅለው ነበር። እኔ ወጪ ለመቀነስ ብዬ ቤቴ የተረፈ የግድግዳ የውሃ ቀለም አምጥቼ ጨመርኩበት። ያውም «ደመቅ ይበል» እያልኩ ደጋግሜ! በሦስተኛው ቀን ስንነካው ጣት ላይ ይጣበቃል። በሳምንቱም ያው ነው። ለካ ሬዚን እንደ ጭቃ ውሃው ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ሁለቱ ፈሳሾች እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት። ውሃ ከገባበት ይደፈርሳል፣ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

አንዲት እናት ለስፌት አለላ የምንነክርበት ዱቄትስ አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አይሆንም እማማ። እሱ በፈላ ውሃ እንዲሟሟ የተሠራ ነው፤ ሬዚን ውስጥ ነጠብጣብ እየሆነ ይቀራል።

የሚሻለው ለኢፖክሲ ሬዚን ተብሎ የተዘጋጀው ወፍራም ቀለም ነው። የሚያብለጨልጭ ከተፈለገ ሚካ የሚባለው ዱቄት አለ። ሚካ ሬዚኑ ቀጭን ሳለ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ወፈር እስኪል ጠብቆ፣ ደግሞ አማስሎ ማፍሰስ ነው። ለቀይና ለቡኒ የብረት ኦክሳይድ ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። በጣም የሚያንጸባርቀው ሮዝና አረንጓዴ ግን መስኮት ላይ ከተቀመጠ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ገዢው ይዞት ተመልሶ ይመጣል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለ100 ግራም ሬዚን ከ5 ግራም ቀለም ባይበልጥ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በትንሽ ኩባያ ሞክሩት።

አሁን ልብ በሉልኝ። መለያ የሌለው፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ ቢጫና ብርቱካናማ ዱቄት አትግዙ። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ መጻፊያውን ማለቴ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ከ90 ፒፒኤም በላይ እንዳይኖር ወስኗል፤ ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈበትን ዱቄት ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እኛ ደግሞ የምንሠራው ልጆች በሚድኹበት ቤት ነው። የትኛውም ዱቄት ሲመዘን አፍና አፍንጫ ይሸፈን፣ ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት፣ ሕፃናት ይራቁ።

የጋለ ጀበናም በማስቀመጫው ላይ እንዳይቀመጥ ለገዢ ንገሩ፤ ይለሰልሳል፣ ቅርጹም ይበላሻል።

የስምንቱን ማስቀመጫ ሒሳብ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ይመዝግቡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስለምንጀምር ቤታችሁ ያለውን ቀለም ከነዕቃው አምጡ፤ መለያውን አብረን እናነባለን።