ከአረቄ ለመላቀቅ ጸበሉም ሐኪሙም
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ በደንባችን ውስጥ ስለ ሰካራም አባል የሚናገረው አንቀጽ መሆኑን ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት ሰክሮ የመጣ ይቀጣል፣ ሦስት ጊዜ የተቀጣ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። አንቀጹ ይጥበቅ የሚሉ አሉ፤ ይላላ የሚሉም አሉ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቆሜ የማስቀድስ ሰው ነኝ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ።

ቅሬያችን የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነው። መቃብር ስንቆፍር ዶማውን ማን እንደያዘ ጠይቀን አናውቅም። የምናገረው ግን በማውቀው በራሴ ሃይማኖት በኩል ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቼ የቄሱን ቦታ ለሸሁ፣ የጾሙን ቦታ ለረመዷን እያደረጉ ይስሙኝ። አረቄው ሐራም ቢሆንም ጫቱ በሁለታችንም ቤት ገብቷል። ቀን ቅሞ ማታ ለጨብሲ አረቄ ቤት የሚገባውን ጎረምሳም ሃይማኖቱን ጠይቀን አንለየውም።

እንግዲህ ሰካራም ሲነሣ ሁለት ነገር ይባላል። አንዱ «ጥጋብ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጋኔን ነው» ይላል። ጥጋብ ነው ያልነውን እንቀጣዋለን፣ ጋኔን ነው ያልነውን አስረን ጸበል እንወስደዋለን። በሁለቱም መካከል የሚቀር ነገር አለ፤ እሱም የሰውየው አንጎል ነው።

እስቲ ስለ አንጎል ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኦልድስና ሚልነር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ካናዳ አገር፣ ሞንትሪያል ከተማ ውስጥ፣ በአይጥ አንጎል ቀጭን ሽቦ አስገብተው አንድ ዘንግ ሲጫን ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲነካው አደረጉ። አይጡ ዘንጉን መጫን አልተው አለ። ኋላ በተደረጉ ሙከራዎች እየራበው እህሉን ትቶ ዘንጉን የመረጠ አይጥም ታይቷል። በአንጎላችን ውስጥ እህል ስንቀምስ፣ ልጃችንን ስናቅፍ፣ «ይህ መልካም ነው፣ ድገመው» የሚል መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ መልእክት የሚያደርሰው ቅመም ዶፓሚን ይባላል። አረቄም ጫትም ትምባሆም ይህንኑ መንገድ ያለ ልክ ይነዱታል። ሲደጋገም የልጅ ፍቅር እንኳ ደብዛዛ ይሆንበታል፤ «ለልጆቹ እንኳ አያዝንም» የምንለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ላይ የደረሰ ነው። ቆም ብሎ የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ይደክማል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 7 የሚጠላውን ሲያደርግ ራሱን ስለሚያገኝ ሰው የተናገረውን አስታውሱ።

ሌላም አለ። አረቄ አንጎልን የሚያደነዝዝ ነገር ነው። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውጭና ከውስጥ ሲገፉ አስቡ። አረቄው ከውጭ ይገፋል፤ አንጎል ደግሞ በሩ እንዳይዘጋበት ከውስጥ ይገፋል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ዐሥር ዓመት እንዲህ ሲገፋፉ ይኖራሉ። የውጭው ሰው በድንገት ሲለቅ የውስጡ ምን ይሆናል? ተንደርድሮ ይወድቃል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ይጠጣ የነበረ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም የሚሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ ግድግዳ ላይ ጉንዳን ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ሁሉም እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ማን እንደሚሆን ግን አስቀድሞ በዓይን አይታወቅም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባና እየሠራ ቤተሰቡን ያስተዳድር የነበረ ሰው ቀብረናል። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ እዚህ አለ። ያ ሰው አረቄን ሊተው ወስኖ በአንድ ጠዋት ተወው። ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ከሞተች እናቱ ጋር ማውራት ጀመረ። ቤተሰቡ ደንግጦ በቃሬዛ ጸበል ወሰደው። ጾም ነበርና እህል አልቀመሰም፤ የአገራችንንም ውርጭ ታውቁታላችሁ። በማግሥቱ ሌሊት ዐረፈ። ጸበሉ ገደለው የሚለኝ ቢኖር አልስማማም። ቤተሰቡም ጥፋት የለበትም፤ የሚያውቀውን ሁሉ አድርጓል። ነገር ግን ያ ቅዠት በጤና ጣቢያ ስም ያለው ሕመም ነበር። ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት፣ ቫይታሚን ቢ አንድ፣ ፈሳሽና ጥቂት ቀን የሚጠብቀው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። ጸበሉ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ከሳምንት በኋላም ይጠብቀው ነበር።

ይህን ስል «ሐኪሙ ብቻ ይበቃል» የምል የሚመስለው ካለ ይታገሠኝ። ሐኪሙ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። ሰውየው ይታከማል፣ መንቀጥቀጡ ይተወዋል፣ በሳምንቱ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በመጀመሪያው የገበያ ቀን በዘንግ ላይ ጣሳ በተሰቀለበት ደጅ ሲያልፍ ልቡ ይመታል፣ ምራቁ ይሞላል። ቮልፍራም ሹልትስ የሚባል ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ልማድ ሲጸና ዶፓሚን የሚፈሰው ጣፋጩ ሲቀመስ ሳይሆን ምልክቱ ገና ሲታይ ነው። ጣሳው ምልክት ነው፤ የጓደኛ ሳቅ ምልክት ነው፤ የደመወዝ ቀንም ምልክት ነው። ሐኪም ጣሳውን ከዘንጉ የሚያወርድ መድኃኒት አይሰጥም። (አረቄ የሚያወጡትን እናቶች ለመውቀስ አይደለም። ጭሱን እየዋጡ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው፤ የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጉባኤ ይፈልጋል።)

እዚህ ላይ የአባቶቻችን ትምህርት ይመጣል። በሰኔ 24 የምናስበውን አባ ሙሴ ጸሊምን ታውቁታላችሁ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ጳላድዮስ የሚባለው ጸሐፊ ስለ እሱ የተወው ታሪክ ለእኛ ለበግ አርቢዎቹ የተጻፈ ይመስላል። ሙሴ ከጌታው ቤት በመጥፎ ጠባዩ ተባሮ ሽፍታ ሆነ። አንድ ጊዜ አባይን በዋና ተሻግሮ አራት ሙክቶች አረደ፤ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ በላ፣ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠና ያንን ሁሉ ጠጅ ጠጣው። ኋላ ንስሐ ገብቶ መነኰሰ። ታዲያ በመነኰሰ ማግሥት ዳነን? አልዳነም። የቀድሞ ልማዱ በሌሊት እየመጣ አላስቀምጥ አለው። (ያን ጊዜ የተፈተነው በዝሙት ሐሳብ እንጂ በመጠጥ አልነበረም፤ የልማዱ ጠባይ ግን አንድ ነው።) ተስፋ ቆርጦ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ሽማግሌው አልገሠጸውም፤ ጋኔን አለብህ ብሎም አላስደነገጠውም። ስለ ሥጋ ገበያ ውሻ ነገረው። አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ ገበያውን አይለቅም፤ ገበያው ከተዘጋና አጥንት የሚሰጠው ካጣ ግን ቆይቶ መምጣቱን ይተዋል አለው።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተገረምሁ። ሹልትስ በዝንጀሮ ያየውን ሽማግሌው በውሻ አይቶታል። ውሻው የሚሄደው ስለተመታ አይደለም፤ አጥንቱ ስለቀረበት ነው። የሚሄደውም ቀስ ብሎ ነው። ሙሴ ስድስት ዓመት ሌሊቱን በጸሎት ቆሞ አሳለፈ ይላል። ደግሞም ዝም ብሎ አልቆመም፤ ሌሊት እየወጣ ውኃ መቅዳት ላቃታቸው ሽማግሌዎች እንስራቸውን ይሞላ ነበር። ልማዱ ይመጣበት የነበረውን ሰዓት ሥራ ሰጠው ማለት ነው። የመጠጥ አምሮት ልክ እንደ ቁርጠት ነው፤ ይነሣል፣ ይበረታል፣ ብዙውን ጊዜም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሰውየው ምን ያድርግ? ዳዊት የሚደግም ይድገም፣ የሚሰግድ ይስገድ፣ ለጎረቤት እንጨት የሚፈልጥ ይፍለጥ። ጸሎቱ ምን እንደሚያደርግ በሙሉ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፤ ያችን ግማሽ ሰዓት እንደሚያሻግር ግን እኔም አውቃለሁ።

ለዚህም ነው ለካህናቶቻችን በአክብሮት አንድ ነገር የምለው። ሰካራምን መስቀል አስይዞ «ዕድሜ ልክህን» ማስማል አይጠቅምም። አንድ ቀን የሳተ እንደሆነ «ከእንግዲህ ወዲያ ተረግሜያለሁ» ብሎ የቀረውን ሁሉ ይጠጣዋል። የዛሬን ብቻ ይማል፤ ነገ ይመለስና የነገን ይማል። ጾሙንም ቢሆን እናስብበት። ሁዳዴን ሙሉ፣ 55 ቀን፣ ሳይቀምስ የሚከርም ሰው አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መቻሉን ያሳያል። ነገር ግን የፋሲካ ለት የጥንቱን ያህል ሲጠጣ ሰውነቱ ልማዱን ረስቷልና የጥንቱ መጠን ሊጥለው ይችላል። የነፍስ አባቱ ጾም ሲገባ ብቻ ሳይሆን ጾም ሲፈታም ቤቱ ይሂዱ።

ይህ ሐሳብ በሌላ አገርም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካን አገር፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ በመጠጥ የተጎዱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የአክሲዮን ነጋዴ ሌላው ሐኪም፣ ተገናኝተው ሲጨዋወቱ አንዱ ሌላውን ደግፎ መቆም እንደሚችል ተረዱ። ከአንድ የክርስቲያን ማኅበር የተማሩትን ንስሐና ጸሎት፣ ከሐኪሞች ከሰሙት «ይህ በሽታ ነው» ከሚል ቃል ጋር አጋብተው ማኅበር መሠረቱ። ስም አይጠራም፣ መዋጮ አይገደድም፤ እየተሰበሰቡ ያወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃያ ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሊቃውንት፣ ሰውን ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ አርቆ በማቆየት ይህ መንገድ ከሌሎቹ የሕክምና ዘዴዎች እንደማያንስ፣ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እኛ ማኅበር መመሥረት ማንም አያስተምረንም። ቅሬ አለን፣ ጽዋ አለን፤ ጽዋችን ላይ ጠላ መኖሩ ነው ትንሽ የሚያስቸግረን!

«ሐኪምና ጸበል አይገናኙም» ለሚል ደግሞ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ኪኒናውን የጣሉ ብዙዎች ነበሩ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ያከብራል። ይህ ከሆነ የአረቄው ሰው ለምን ይለይ?

አሁን ወደ ደንባችን ልግባና ልጨርስ። በበኩሌ «ይሰረዛል» የሚለው ቃል ይውጣ እላለሁ። የሚሰረዘው ሰካራሙ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱና ልጆቹም ናቸው። ሲሞት ቀባሪ ያጣል፤ ቤት ያለው ሰውም ቀባሪ የለህም ሲባል የበለጠ ይጠጣል እንጂ አይተውም። ቅጣቱ ይቅር አልልም፤ ለቅሶ ቤት መበጥበጥ ነውር ነው። በስረዛው ፈንታ ግን ይህ ይግባ፦ አባሉ አረቄ እተዋለሁ ሲል ቅሬው ሁለት ሰው ይመድብለት። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ያድርሱት፤ ሳይታይ ባንድ ቀን እንዳያቆም ይንገሩት። ቢቃዥ ወይም ቢጥለው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ለመኪናው ቅሬው ያበድር። ከዚያ ወደ ነፍስ አባቱ ወይም ወደ ሸሁ ይውሰዱት። በገበያ ቀን በሌላ መንገድ አብረውት ይመለሱ።

ሌላው፣ ከሠልስት በኋላ ለቅሶ ቤት አረቄ መቅረቡ ይቁም። «ብርዱ እንዴት ይቻላል?» የሚል እንደሚነሣ አውቃለሁ። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ የውስጡ ሙቀት በዚያው ይወጣል። በውርጭ ሌሊት ሰክሮ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ለምን እንደሚሞት ከዚህ ይገባችኋል። ቡና ይፈላ፣ የገብስ አጥሚት ይቅረብ።

የሁለቱን ሰዎች ነገር በተመለከተ፣ ለመጀመሪያው አባል አንዱ እኔ እሆናለሁ፤ ሁለተኛው ከወጣቶቹ ቢሆን እመርጣለሁ። ዳኛችን ድምፅ ከማስሰጠታቸው በፊት ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።