ትዕግሥት በጓሳ፦ የዱር እንስሳትን በፊልም ስለ መቅረጽ



ነብርንም ሆነ አንበሳን በፊልም መቅረጽ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚህ ትዕግሥት መምህር ግን ከመሐል ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በጓሳ ይገኛል፤ ቀይ ቀበሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት መሠረት፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን 25 በመቶ፣ በጭላዳዎች መካከል ሲያድን ግን 67 በመቶ ያህል ይቀናዋል። በመካከላቸው ሲያድን መንጋውን እንዳያስበረግግ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ካሜራ የያዘ ሰውም እንዲሁ ካልተጠጋ የሚቀርጸው ሽሽትን ብቻ ነው።

ሜዳው ራሱም የትዕግሥት ፍሬ ነው። የመንዝ ገበሬ ቄሮ በተባለው ነባር ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ እየከለከለ ባይጠብቀው ኖሮ ቀበሮውም ጭላዳውም መጠለያ ባጡ ነበር። ስለዚህ እንስሳውን ስትቀርጹ ጠባቂውን ከምስሉ አታውጡት።